«የቅቤ መስቀል» ደግሞ ምንድነው? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የምኖረው ሳውዝሃምፕተን ነው፣ ሥራዬ ግን ዊንቸስተር ስለሆነ በየቀኑ ከባቡር ወርጄ ሃይ ስትሪቱን ቁልቁል እሄዳለሁ። እዚያ መንገዱ ዳር አንድ ያረጀ የድንጋይ ነገር ቆሟል፣ ረጅም ነው፣ ጫፉ ላይ መስቀል አለው፣ ወገቡ ላይ ቅዱሳን የሚመስሉ ምስሎች፣ ስሩ ደግሞ ዙሪያውን ደረጃ ነው። መጀመሪያ ሰሞን እንደ ሀገር ቤቱ ሳልፍ አማትቤ እጅ ነስቼ ነበር የማልፈው። በኋላ ሳየው ግን ሰዉ ደረጃው ላይ ተዘርፍጦ ሳንድዊች ይበላል፣ ጎረምሳው ይላፋል፣ አንዳንዱማ ቢራውን ይዞ ነው። ሥራ ቦታ ብጠይቅ «እሱማ የቅቤ መስቀል ነው» ብለው ሳቁብኝ። የቅቤ መስቀል የሚባል ነገር አለ እንዴ? መሳለሜን ልተው ወይስ ልቀጥል?
እህታችሁ፣ ከሳውዝሃምፕተን

መልስ፦ እህቴ፣ መሳለሙን ቀጥይ፣ ማን ይከለክልሻል። ግን ሳንድዊች በሊታዎቹንም አትቀየሚያቸው፣ ምክንያቱም ያ ደረጃ ድሮም መቀመጫ ነበር። ከየገጠሩ ቅቤ፣ አይብና እንቁላል ይዘው የሚመጡ ሴቶች ልክ እንደኛ ጉሊት እቃቸውን ዘርግተው የሚሸጡት እዚያ ነው፣ ስሙም ከዚያ ነው የቀረው። የቅቤ መስቀል ደግሞ የዊንቸስተር ብቻ እንዳይመስልሽ፣ እንግሊዝ ውስጥ በየከተማው ሞልቷል። እዚያው አቅራቢያችሁ ሳልዝበሪ ብትሄጂ ያለው የዶሮ መስቀል ነው፣ ዶሮ ተራ ነበራ!

መስቀልና ገበያ ምን አገናኛቸው ካልሽ፣ ድሮ ገበያው የሚቆመው ቤተክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ነበር። ገበሬው ከሩቅ የሚመጣው ለእሁድ ቅዳሴ ነው፣ ከመጣ አይቀር በግ የሚሸጠው ይሸጣል፣ ጨው የሚገዛው ይገዛል፣ ቄሱ ወዲያ እየቀደሰ ወዲህ መቃብሩ ላይ ዋጋ ክርክር ነው። ይሄ ነገር አላምር ሲል ንጉሥ ቀዳማዊ ኤድዋርድ በ1285 (የምጠራቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆቹ ናቸው) ከእንግዲህ በቤተክርስቲያን ቅጥር ገበያ እንዳይቆም ብሎ ሕግ አወጣ። ያ ሕግ እስከዛሬ የሚጠራው «የዊንቸስተር ሕግ» ተብሎ ነው፣ አንቺ በየቀኑ በምታልፊባት ከተማ ስም ማለት ነው። ገበያው ወደ አደባባይ ወጣ እንጂ መስቀሉን አልተወም፣ ገበያ መሃል መስቀል ማቆሙ ከሕጉም በፊት የነበረ ልማድ ነው። ሰው በመስቀል ፊት ዋጋ ሲቆርጥ ቃሉን አያጥፍም ተብሎ ይታሰባል፣ ያው እኛስ «በመስቀሉ» ብለን እንምል የለ። ከዚያ በላይ ደግሞ ገበያ ማቆም እንዲሁ የሚገኝ መብት አልነበረም፣ ንጉሡ ፈቃድ ካልሰጠ ከተማው ገበያተኛውን ቀረጥ ማስከፈል አይችልም፣ መስቀሉ እንግዲህ «እዚህ ፈቃድ ያለው ገበያ አለ» የሚል ማስታወቂያ ጭምር ነበር።

ስለ ቀረጥ ካነሳሁ አይቀር የቺቸስተሩን ልንገርሽ፣ ከሳውዝሃምፕተን በባቡር ቅርብ ነው፣ እረፍት ስትወጪ ሂጂና እይው። የእሱን ያህል የሚያምር እኔ አላየሁም። አራቱ የሮማውያን ዘመን መንገዶች የሚገናኙበት ልብ ላይ ስምንት ማዕዘን ሆኖ ቆሟል፣ ስምንት ቅስት አለው፣ መሃሉ አንድ ወፍራም ምሰሶ፣ ዝናብ ቢመጣ ከስሩ ትጠለያለሽ። ያሰሩት ኤድዋርድ ስቶሪ የሚባሉ የከተማው ጳጳስ ናቸው፣ በ1501። ቦታውን ከከተማው በገንዘባቸው ገዝተው፣ ሱቅ መከራየት የማይችል ድሃ ያቺን የያዛትን ነገር ቀረጥ ሳይከፍል እዚያ ቁጭ ብሎ እንዲሸጥ ብለው ነው። በየከተማው ጉሊት ሲበተን የምናየው ሰዎች ይሄን ስንሰማ ዝም ብለን አናልፈውም መቼም። እሱም ቢሆን ለዘላለም አልቆየም፣ በ1808 ከተማው አዲስ የገበያ አዳራሽ ሲሠራ ሻጮቹ ወደዚያ ተዛወሩ፣ መስቀሉ ብቻውን ቀረ።

እነዚህ መስቀሎች ስር የሚደረገው ንግድ ብቻም አልነበረም። አዋጅ ይነበብበታል፣ ሌባ እግሩ በግንድ ተጠርቆ ሰው እንዲስቅበት ይደረጋል። እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ግን የ1653ቱ ነው። ንጉሡን አንገቱን ቆርጠው ሪፐብሊክ ያቆሙት ሰዎች ጋብቻን ከቄስ እጅ አወጡትና፣ እገሌ እገሊትን ሊያገባ ነው የሚለው ማስታወቂያ ተጋቢዎቹ ከፈለጉ በሦስት የገበያ ቀን አደባባይ ላይ ይነገር አሉ። አስቢው፣ ቅቤ እየመዘንሽ የጎረቤትሽ ልጅ ማንን እንደምታገባ ትሰሚያለሽ።

አሁን ወደ ራስሽ መስቀል ልመለስ፣ ዋናው ጨዋታ ያለው እዚያ ነው። በ1770 ቶማስ ደመር የሚባል ባለ ርስት፣ ክራንበሪ ፓርክ የሚባል ሰፊ ግቢ የነበረው፣ መስቀሉን ለአትክልት ቦታዬ ማሳመሪያ ካልሆነ አለና ከተማው ሸጠለት። ሸጠለት ነው የምልሽ! ሹማምንቱ ተስማሙ፣ ሰውዬው ሠራተኞቹን መሣሪያ አስይዞ ላከ። ሠራተኞቹ ሊያፈርሱ ሲመጡ የዊንቸስተር ሰው ግልብጥ ብሎ ወጣና ግርግር አነሳ፣ እነሱም ሳይነኩት ተመለሱ፣ ውሉም ፈረሰ። ደመር ታዲያ አልጨክን ብሎት ግቢው ውስጥ በእንጨትና በልስን አስመስሎ አሠራ፣ ያ የውሸት መስቀል ስልሳ ዓመት ያህል ቆሞ ዝናብ ጨረሰው። ሰውዬው አመሉ ነው መሰለኝ፣ እዚያው እናንተ ጋ ሳውዝሃምፕተን አጠገብ ካለው ከኔትሊ ገዳም ፍርስራሽም አንድ ክንፍ ነቅሎ ግቢው ወስዷል። ለዚያ የደረሰ ሰው አልነበረም። ብሪስቶልም እንዲሁ የገበያ መስቀሏን በ1760ዎቹ አጥታለች፣ አሁን ያለው ስቱርሄድ የሚባል የሀብታም አትክልት ቦታ ውስጥ ነው፣ ቱሪስት ከሐይቅ ጋር አብሮ ፎቶ ያነሳዋል።

አንድ ነገር ግን ሳልነግርሽ ብቀር ይቆጨኛል። መስቀሉ የአስራ አምስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው ቢባልም በ1865 ጊልበርት ስኮት የሚባለው አርክቴክት በደንብ አድሶታል፣ ከትልልቆቹ ምስሎች አብዛኞቹም ያኔ የገቡ ናቸው። እና ቀና ብለሽ ብታዪ፣ ወንጌላዊው ዮሐንስ አለ፣ እሱ ጥሩ ነው። ንጉሥ አልፍሬድ አለ። ዊልያም የሚባል የዊንቸስተር ጳጳስ አለ። አራተኛው ግን የድሮ የከተማው ከንቲባ ነው። ስትሳለሚ የቆየሽው ከንቲባም ጭምር ነበር እህቴ! ስለዚህ ጫፍ ላይ ያለውን መስቀል ብቻ እያየሽ ተሳለሚ። ቤተክርስቲያን ከፈለግሽ ደግሞ መስቀሉ አጠገብ ባለችው ጠባብ መተላለፊያ ግቢ፣ ቅዱስ ላውረንስ የምትባል ትንሽዬ ጥንታዊ ቤተክርስቲያን ሕንፃ መሃል ተሸሽጋ ታገኛለሽ፣ ወደ ካቴድራሉም የሚወስድሽ እሱ ነው።

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ፣ አጭር ጥያቄ ናት። ኤድንብራ ታክሲ ነው የምነዳው። ካቴድራሉ ጎን «መርካት ክሮስ» የሚባል አለ፣ ቱሪስት ይጠይቀኛል፣ እኔ ደግሞ መስቀሉ የታለ እላለሁ፣ ላዩ ላይ ያለው ፈረስ ነገር ነው። ተሸውጄ ነው?
ከኤድንብራ

መልስ፦ አልተሸወድክም ወንድሜ። ስኮትላንድ ውስጥ የገበያ መስቀል ብዙ ጊዜ መስቀል የለውም፣ ምሰሶ ነው፣ ጫፉ ላይ ያየኸውም ግንባሩ ላይ አንድ ቀንድ ያበቀለ ፈረስ፣ ዩኒኮርን፣ የስኮትላንድ ነገሥታት ምልክት ነው። «መርካት» የሚለው በስኮቶቹ አነጋገር ያው ማርኬት ነው። ጣሊያን በወረራው ጊዜ ያመጣብን «መርካቶ»ም ከዚያው ከላቲኑ ቃል የተወለደ ነው፣ ስለዚህ አገር ቤት ሰው ሲጠይቅህ «የመርካቶ ምሰሶ» በለው፣ ይገባዋል።

የአንተው ምሰሶ ብዙ ተንገላቷል። በ1756 መንገድ ዘጋ ተብሎ ፈረሰ፣ የምሰሶው ስባሪ አንድ ባላባት ግቢ ሄዶ ከመቶ ዓመት በላይ ከርሞ ተመለሰ፣ አሁን የምታየውን ሕንፃ በ1885 ጠቅላይ ሚኒስትር የነበረው ግላድስቶን ከኪሱ ከፍሎ አሠራው። ሞንትሮዝ የሚባለው መኮንን በ1650 የተሰቀለውም እዚያው መስቀሉ ጋ ነው፣ ቱሪስት ይሄን ይወዳል። እስከዛሬም ሥራ አልፈታም፣ ፓርላማ ሲበተን፣ ንጉሥ ሲነግሥ አዋጁ የሚነበበው ከላዩ ነው፣ በ2022 መስከረም የቻርልስ መንገሥ ለንደን ላይ ከተነገረ በማግስቱ እዚያ ተነቧል። ለፓርላማው አዋጅ ግን ልማዱ ከለንደን በሦስተኛው ቀን ነው፣ ድሮ ፈረሰኛ ወሬውን ይዞ እስኪደርስ የሚፈጅበት ጊዜ ማለት ነው። ስልክ በኪሱ ያለ ሕዝብ ቆሞ የፈረሰኛውን ቀን ይጠብቃል! ብትስቅ አልፈርድብህም፣ ግን የኛም ሕግ የሚታተምበት ጋዜጣ እስከዛሬ «ነጋሪት» ነው የሚባለው፣ ከበሮውን የሚጎስም ሳይኖር።

እና ከካቴድራሉ ወዲያ በኩል መሬቱ ላይ የልብ ቅርጽ አለ አይደል፣ ሰው እንትፍ የሚልበት? እሱ ሌላ ነው፣ የድሮው እስር ቤት ደጃፍ ነበር። ቱሪስቶችህ እንዳይሳሳቱ፣ ምሰሶው ላይ አይተፋም።