ለዜማ ግጥም ለምትጽፉ ልጆች

«ግጥም ይቅደም ወይስ ዜማ?» ብሎ አንድ ወጣት ጻፈልኝ። ጥያቄው የቆየ ቁጭቴን ቀሰቀሰው። ስኮትላንዳዊውን ገጣሚ ሮበርት በርንስን ስናስተዋውቅ ኖረን «ሰማይ ያስተማረው ገበሬ» ከሚለው ቅጽል አላለፍንም፤ ያን ሁሉ ዘፈን እንዴት እንደሠራው ሳናሳይ ተማሪውን ሸኘነው። ሰውየው በእርግጥ ማረሻ ጨብጧል። ይሁንና አባቱ ከጎረቤት ጋር አዋጥተው መምህር ቀጥረውለታል፤ ሼክስፒርንም እንግሊዛዊውን ገጣሚ ፖፕንም አንብቧል።

እ.ኤ.አ. በ1793 ለዘፈን አሰባሳቢው ለጆርጅ ቶምሰን በላከው ደብዳቤ አሠራሩን በዝርዝር ጽፎታል። ዜማውን ራሱ አዚሞ ካልተካነው በቀር ስንኝ አይሠራለትም። አፉ ላይ ሲደላደልለት ዜማው ምን ዓይነት ስሜት እንደሚሸከም ያስባል፤ ጉዳይ ይመርጣል፤ የመጀመሪያውን አንጓ ይጀምራል። አብዛኛውን ጊዜ ከባዱ ይኸኛው ነው ይላል። እሱ ሲያልቅለት ከቤት ይወጣል፤ አለፍ አለፍ ብሎ ይቀመጣል፤ ከሐሳቡ ጋር የሚስማማ ነገር በዙሪያው ይፈልጋል፤ የቋጠራቸውን ስንኞች በዜማው እያንጎራጎረ ይሞክራል። ሐሳቡ መዛል ሲጀምር ወደ ክፍሉ ተመልሶ እሳት ዳር ይቀመጥና ወረቀት ላይ ያሰፍራል። ብዕሩ እየሄደ፣ ወንበሩን በኋላ እግሮቹ ላይ እያወዛወዘ የራሱን ሥራ ይተቻል።

ስለዚህ መልሴ ዜማ ይቅደም ነው፤ ወረቀቱ የመጣው በስተመጨረሻ መሆኑን ልብ በሉ። የዛሬ ልጆች ግን ስልክ ላይ ትጽፉና አንዴም ሳታዜሙት ትለጥፉታላችሁ፤ መከራውን ዘፋኙ ያያል። በርንስ ከሠራባቸው ዜማዎች ብዙዎቹ የቫዮሊን ጭፈራዎች ነበሩ። አጭር ግን ጠንካራ ድምፅ ይመታና ረዘም ያለው ይከተላል። እዚያች አጭር ቦታ ላይ ረጅም ቃል ከጫናችሁ ቃሉ ይቆረጣል። በአማርኛም ጠብቆ የሚነበብ ፊደል በዜማው ውስጥ ቦታ ካጣ ላልቶ ይሰማል፤ ትርጉሙም አብሮ ይሄዳል። ያኔ ቃሉን ለውጡ፤ ዜማውን አትጎትቱ።

ዜማ ይቅደም አልኩ እንጂ በ1785 ለአይጥ የጻፈው ዝነኛ ሥራው ግጥም ነው፣ ዘፈን አይደለም። እጅን ለማፍታታት ከእሱ አንጓ የተሻለ አላውቅም። ስድስት መስመር ነው፤ 1ኛው፣ 2ኛው፣ 3ኛውና 5ኛው ረዘም ብለው በአንድ ቤት ይመታሉ፤ 4ኛውና 6ኛው አጥረው በሌላ ቤት። የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ አራተኛው ላይ ነው። ጀማሪ እዚያ ሐሳቡን ይጨርስና አምስተኛውን በመሙያ ቃል ያጨናንቀዋል። አራተኛውን ትንፋሽ መውሰጃ አድርጉት፤ ነገሩን ስድስተኛው ይዝጋው።

ስለ ገንዘብ ደግሞ፦ በርንስ ለሌላው አሰባሳቢ ለጄምስ ጆንሰን የዘፈን መድብል 200 ያህል ዘፈኖች ያለ ክፍያ ሰጥቷል። ቶምሰን አምስት ፓውንድ ቢልክለት ተቆጣ። በጁላይ 1796 ግን በዕዳ እንዳይታሰር ፈርቶ አምስት ፓውንድ ከዚያው ከቶምሰን ለመነ። ገንዘቡ ተላከለት፤ በዚያው ወር በ21ኛው ቀን፣ ገና በ37 ዓመቱ ሞተ። ለዘፈን ዋጋ አልቀበልም ማለቱን እወድለታለሁ። እናንተ ግን አትከተሉት። ግጥሙን ከማስረከባችሁ በፊት መብቱ የማን እንደሆነ፣ ለስንት ጊዜና በምን ክፍያ እንደሚሠራበት በጽሑፍ ተፈራረሙ።