አንድ መስመር ሲነካ ፋይሉ በሙሉ ተቀየረ የሚል ጊት

ጥያቄ፦ ሁለታችን በዊንዶውስ፣ አንዱ ባልደረባችን በሊኑክስ ሆነን አንድ ፕሮጀክት በጊት (የፋይል ለውጦችን በሚመዘግብ ፕሮግራም) እንጋራለን። አንድ መስመር ሲስተካከል ፋይሉ በሙሉ እንደተቀየረ ይታያል። ሰርቨሩ ላይ ስክሪፕቱ በቦታው እያለ «ፋይሉ የለም» የሚል ስህተት ይመጣል። ባልደረባችን ሁሉንም ፋይሎች በአንድ ትእዛዝ ለማስተካከል ከሞከረ ወዲህ ደግሞ የድርጅቱ አርማ ምስል አልከፈት ብሏል።

መልስ፦ ሦስቱም ምልክቶች የመስመር ማብቂያን፣ ማለትም መስመር ማለቁን የሚያመለክቱትን የማይታዩ ቁምፊዎች፣ እንድጠረጥር ያደርጉኛል። ዊንዶውስ በየመስመሩ መጨረሻ ሲአር እና ኤልኤፍ የተባሉ ሁለት ቁምፊዎችን ያስቀምጣል፤ ማብቂያው ሲቀየር ጊት መስመሩ ሁሉ እንደተቀየረ ያያል። ሊኑክስ ግን ኤልኤፍን ብቻ ስለሚጠብቅ፣ በስክሪፕቱ የመጀመሪያ መስመር ስክሪፕቱን ከሚያስኬደው ፕሮግራም፣ ከባሽ፣ ስም ኋላ የቀረችውን ሲአር የስሙ አካል አድርጎ ይፈልጋል፤ አያገኝምም። ልዩነቶችን የሚያሳየውን ጊት ዲፍን በመስመር መጨረሻ ያለን ሲአር ችላ ከሚለው ኢግኖር-ሲአር-አት-ኢኦኤል ከተባለው አማራጭ ጋር ያስኪዱት፤ ልዩነቱ ወደ አንድ መስመር ከወረደ ጥርጣሬው ተረጋግጧል።

የሁለቱ ቁምፊዎች መነሻ በደንብ ሊታወቅ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የተሠራው ቴሌታይፕ ሞዴል 33 የተባለ የጽሑፍ መላኪያና ማተሚያ መሣሪያ በሴኮንድ 10 ቁምፊ ያትም ነበር። ቁጥር 13 የሆነው ሲአር ማተሚያውን ወደ መስመሩ መጀመሪያ ይመልሳል፤ ቁጥር 10 የሆነው ኤልኤፍ ወረቀቱን አንድ መስመር ይገፋል። ማተሚያው ከቀኝ ጫፍ እስኪመለስ ከአንድ ቁምፊ የበለጠ ጊዜ ስለሚወስድበት ሲአር ቀድሞ ይላካል፤ ወረቀቱ ሲገፋ መልሱ ይጠናቀቃል። ከቀደሙት ስርዓተ ክወናዎች መልቲክስ ኤልኤፍን ብቻ መረጠ፣ ዩኒክስም ወረሰው፤ ሲፒኤም ጥንዱን ይዞ ቀጠለ፣ ከዚያም ለኤምኤስ-ዶስና ለዊንዶውስ አወረሰ።

አርማውን ያበላሸው ያለ ምርጫ ሲአርን ከሁሉም ፋይል የሚሰርዝ ትእዛዝ ይመስለኛል። እንዲህ ያለው የጥድፊያ ጥገና ያሳዝነኛል፤ የፒኤንጂ ምስል ፋይል የመጀመሪያዎቹ 8 ባይቶች ውስጥ ሲአርና ኤልኤፍ የተቀመጡት ይኸው ጉዳት ወዲያው እንዲታወቅ ነው። ምስል፣ ፒዲኤፍና ዚፕ ፋይሎችን በመስመር ማብቂያ ማስተካከያ በፍጹም አይንኩ። ትእዛዙ የጊትን የውስጥ ማህደርም ነክቶ ከሆነ ያንን ቅጂ ትተው አዲስ ክሎን (የፕሮጀክቱን ሙሉ ቅጂ) ያውርዱ።

ሁላችሁም ያላችሁን ሥራ ኮሚት (በጊት መመዝገብ) እና ፑሽ (ወደ ጋራው ማከማቻ መላክ) ካደረጋችሁ በኋላ አርማውን ከቀደመ ኮሚት ይመልሱ። ከዚያ በፕሮጀክቱ ሥር ጊት እያንዳንዱን የፋይል ዓይነት እንዴት እንደሚይዝ የሚነግረውን ጊትአትሪቢዩትስ የተባለ ፋይል ፈጥረው ለሁሉም «ቴክስት=ኦቶ»፣ ለሼል ስክሪፕቶች «ቴክስት ኢኦኤል=ኤልኤፍ»፣ ለምስልና ለፒዲኤፍ «ባይነሪ» ብለው ይጻፉ። የመስመር ማብቂያን የሚቀይረውን የጊት ቅንብር ኦቶሲአርኤልኤፍን በየኮምፒውተሩ ማስተካከል በቂ አይደለም፤ ያ ቅንብር ከፕሮጀክቱ ጋር ስለማይጓዝ አዲስ ባልደረባ በመጣ ቁጥር ችግሩ ይመለሳል። ሳይጠይቁ የመስመር ማብቂያ የሚቀይሩና አንድ ፋይል ውስጥ ሁለቱን የሚደባልቁ ርካሽ ኤዲተሮችም ይህንኑ ያባብሳሉ።

ቀጥሎ የነበሩትን ፋይሎች በአዲሱ ደንብ ለማስተካከል ጊት አድን ከሪኖርማላይዝ አማራጭ ጋር ያስኪዱ። ከኮሚት በፊት በጊት ስታተስ የተዘረዘሩትን ፋይሎች አንድ በአንድ ይመልከቱ፤ ምስል ወይም ፒዲኤፍ ከመካከላቸው ካለ ኮሚት አያድርጉ፣ የባይነሪውን መስመር ያስተካክሉ። ይህ ኮሚት ለብቻው ይሁን፤ መለያውን በተለየ ፋይል መዝግበው እያንዳንዱን መስመር ማን እንደጻፈ ለሚያሳየው ጊት ብሌም በኢግኖር-ሬቭስ-ፋይል አማራጭ ቢሰጡት የየመስመሩ ትክክለኛ ጸሐፊ አይጠፋም። ዊንዶውስ ላይ ያሉት ስክሪፕቶች አሁንም ሲአር ከያዙ፣ ሰርዘው በጊት ቼክአውት መልሰው ያውጧቸው።