22ቱ ዳልተን የማግኒዥየም ነው ወይስ የጨው?

ጥያቄ፦ ጎንደር የምኖር የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነኝ። ማግኒዥየም ከአጭር ዲ.ኤን.ኤ. ጋር ምን ያህል አጥብቆ እንደሚያያዝ ለመለካት ናሙናዬን እዚህ አዘጋጅቼ ማስ ስፔክትሮሜትር (የሞለኪውል ክብደት የሚለካ መሣሪያ) ወዳለበት ላክሁ። ውጤቱ ላይ 22 ዳልተን (አንድ ዳልተን የአንድ ሃይድሮጅን አቶም ክብደት ያህል ነው) እየተራራቁ የተደረደሩ ብዙ ጫፎች አሉ። ማግኒዥየም ያልጨመርሁበትም እንዲሁ ነው። የቱን ልቁጠር?

መልስ፦ እኅቴ፣ ለጊዜው አንዱንም አይቁጠሩ። ማግኒዥየም ያልነካው ናሙና ምስጢሩን አውጥቶልዎታል፤ የተሰለፈው ሶዲየም ነው። ሶዲየም የአንድ ሃይድሮጅንን ቦታ ሲይዝ 21.98 ዳልተን ይጨምራል፤ ማግኒዥየም ሁለት ሃይድሮጅን አስለቅቆ 21.97። 6,000 ዳልተን በሚመዝን ዲ.ኤን.ኤ. ላይ ይህችን ልዩነት አብዛኛው መሣሪያ አይለያትም። ለማመሳከሪያ አንድ ናሙና በማንጋኒዝ ያዘጋጁ፤ 52.92 ስለሚጨምር ከጨው ጋር አይምታታም። የማግኒዥየም ምትክ ግን አይደለም።

ናሙናውን የላኩት በምን ዕቃ ነው? በብርጭቆ ከሆነ ጥፋቱ ከዚያ ሊጀምር ይችላል። ብርጭቆ ሶዲየም ይለቃል፤ የዲ.ኤን.ኤ. ፎስፌት ደግሞ ኔጋቲቭ ሙል ስላለው ያገኘውን ሁሉ ይይዛል። በፕላስቲክ ቱቦ ይላኩ። የከተማችን የቧንቧ ውሃ ለሻይ ይሆናል፤ ለዚህ ሥራ ግን ሶዲየም፣ ካልሲየምና ራሱን ማግኒዥየምን ይዞ ይመጣል። እኔ አንድ ጊዜ ዕቃ በቧንቧ ውሃ አለቅልቄ በንጹሕ ውሃ ሳልደግመው ቀርቼ የሦስት ሳምንት ልፋቴን ደፍቻለሁ። ናሙናዎ ሩቅ አገር ስለሚሄድ እዚያ ማንም አያጥብልዎትም፤ ጽዳቱ እዚሁ ማለቅ አለበት።

ዲ.ኤን.ኤ.ውን በአሞኒየም አሲቴት አሟምተው በቀዝቃዛ ኤታኖል ያዝቅጡት፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ይድገሙት። አሞኒየም ሶዲየሙን ያስለቅቃል፤ መሣሪያው ውስጥ ደግሞ አሞኒያ ሆኖ ይተናል። የመጨረሻው መሟሚያም 100 ሚሊሞላር አሞኒየም አሲቴት ይሁን።

ከዚህ በኋላ ነው ስሌቱ የሚመጣው። መሣሪያው ናሙናውን በጥቃቅን ነጠብጣብ ይረጨዋል፤ ነጠብጣቧ ስትደርቅ ማግኒዥየሙ እየተከማቸ ሳይመርጥ ፎስፌት ላይ ይለጠፋል። ስለዚህ እኩል ርዝመት ያለው፣ የሚፈልጉት መያዣ ቦታ የሌለው ሌላ ዲ.ኤን.ኤ. በዚያው ዕለት ያስለኩና የእርሱን ድርሻ ይቀንሱ። ነጻውን ማግኒዥየም በነጻው ዲ.ኤን.ኤ. አባዝተው ለተያያዘው ያካፍሉ፤ የሚወጣው ቁጥር ባነሰ መጠን መያያዙ የጠበቀ ነው። ይህን ቢያንስ በአምስት የማግኒዥየም መጠን ይሥሩት፤ ቁጥሩ ከመጠኑ ጋር አብሮ ከተንሸራተተ ልጥፉ ገና አልተቀነሰም። ሲጽፉም የአሞኒየሙን መጠን አይርሱ፤ እርሱም ከማግኒዥየሙ ጋር ስለሚሻማ፣ ያገኙት ቁጥር 100 ሚሊሞላር አሞኒየም አሲቴት ውስጥ የተለካ ቁጥር ነው።