ስለ ፕሮሴኮ ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ መልሱ ይኸው

ፕሮሴኮ የሚባለው ነጭ አረፋማ ወይን ከሚመረትበት የሰሜን ምሥራቅ ጣሊያን ግዛት፣ ቬኔቶ፣ ከገባሁ 14 ዓመት ሆነኝ። የመጀመሪያዎቹን ሦስት መስከረሞች ቫልዶቢያዴኔ ኮረብታ ላይ ወይን ስለቅም ከረምኩ፤ ከዚያ ወዲህ ትሬቪዞ ከተማ ወይን መሸጫ ቤት ነው የምሠራው። ጠይቁኝ ስላችሁ ጥያቄው ጎረፈ። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌያለሁ። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

ጥያቄ (አንድ አባት፣ ከአዲስ አበባ)፦ ልጄ፣ ሴት ልጄ ከጣሊያን የላከችልኝ ፕሮሴኮ ቡፌ ውስጥ ከተቀመጠ አራት ዓመት አለፈው። ለልጅ ልጄ ክርስትና ልከፍተው ነው። ወይን እየቆየ ይጣፍጣል ሲባል እሰማለሁ። እውነት ነው?

መልስ፦ አባቴ፣ እውነቱን ብነግርዎት ይሻላል። እየቆየ የሚጣፍጠው አንዳንድ ወይን እንጂ ሁሉም አይደለም። ፕሮሴኮ እንደ እንጀራ ይቁጠሩት፤ ደጉ የወጣ ለት ነው። በተመረተ በአንድ ዓመት፣ ቢበዛ በሁለት ዓመት ማለቅ አለበት። ቡፌ ደግሞ ብርሃኑም ሙቀቱም ያገኘዋል። የኔ አክስት እንዲሁ የላክሁላትን ስድስት ዓመት አስቀምጣ፣ አገር ቤት ስገባ በክብር አወጣችው። ቡሹ «ጧ» እንኳን አላለም። መልኩ ሻይ፣ ሽታው የተቀቀለ ፖም። እሷ ግን «ይሄማ ጠጅ ሆኗል» ብላ ብርጭቆዋን ጨረሰች። የእርስዎም አይመርዝዎትም፣ ይክፈቱት፤ ለክርስትናው ግን ሌላ ነገር ያዘጋጁ። ለልጅዎም «ስትልኪ ልጠጣው ነው» ይበሏት።

ጥያቄ (ከዋሽንግተን ዲሲ)፦ ፕሮሴኮ ያው ርካሽ ሻምፓኝ ማለት አይደል?

መልስ፦ አይደለም እህቴ፣ ይሄን ጥያቄ በሳምንት ሦስቴ ነው የምሰማው። ሁለቱም ሁለት ጊዜ ይፈላሉ፤ እስከዚያ ድረስ አንድ ናቸው። መጀመሪያ ጭማቂው ፈልቶ ጋዝ የሌለው ተራ ነጭ ወይን ይሆናል። ከዚያ ስኳርና እርሾ ተጨምሮበት እንደገና ይፈላል። ጠጅ ሲጣል ካየሽ ነገሩ ይገባሻል፤ ጋኑ የሚንጣጣው ጣፋጩ ወደ አልኮልና ወደ ጋዝ ስለሚለወጥ ነው። የጠጁ ጋን የሚሸፈነው በጨርቅ ስለሆነ ጋዙ ይተናል። መውጫ ብታሳጪው ግን እዚያው ወይኑ ውስጥ ይሟሟና ሲቀዳ ነው የሚወጣው።

ልዩነቱ የሚከደነው ምን ውስጥ ነው የሚለው ላይ ነው። ሻምፓኝ ሁለተኛውን መፍላት እያንዳንዱ ጠርሙስ ውስጥ ይፈላል፤ ለገበያ ከመውጣቱ በፊትም ቢያንስ 15 ወር ጓዳ ይቀመጣል። ከእርሾው ጋር ከርሞ ዳቦ ዳቦ የሚለው ለዚህ ነው። ፕሮሴኮ ደግሞ ግፊት በሚችል ትልቅ የብረት ጋን ይፈላል፤ ባብዛኛው ከአንድ እስከ ሦስት ወር። ዘዴውን በ1895 ያስመዘገበው ፌዴሪኮ ማርቲኖቲ የሚባል ጣሊያናዊ ነው። በ1907 ሻርማ የተባለ ፈረንሳዊ አሻሻለውና ዓለም በፈረንሳዊው ስም ጠራው። እዚህ አገር ጠጅ ቤት ገብተሽ «የሻርማ ዘዴ» ብትዪ «የማርቲኖቲ!» ብሎ የሚያርምሽ ሽማግሌ አይጠፋም።

የብረት ጋኑ ወጪ እንደሚቀንስ አልክድም። ግን ግሌራ የሚባለው የፕሮሴኮ ወይን ፍሬ ሽታው ስስ ነው፤ አረንጓዴ ፖም፣ ፒር፣ ነጭ አበባ። ከእርሾ ጋር ዓመታት ብታከርሚው ያ ሁሉ ይጠፋል። ሻምፓኝ የሚፈልግ ሻምፓኝ ይግዛ፤ ፕሮሴኮን ሌላውን መጠጥ አልሆነም ብሎ መውቀስ ግን ጠላን ጠጅ አልሆነም እንደማለት ነው።

ጥያቄ (ከሮም)፦ ፕሮሴኮ የቦታ ስም ነው የፍሬ ስም? ሱፐርማርኬት ውስጥ አንዱ 5 ዩሮ፣ ሌላው 12፣ ሌላው 25 ነው። ምኑ ነው የሚለያቸው?

መልስ፦ ፕሮሴኮ ትሪየስቴ ከተማ አጠገብ ያለች መንደር ናት። ድሮ ፍሬውም በስሟ ይጠራ ነበር። በ2009 ሕጉ ሲሻሻል ፍሬው ግሌራ ተባለ፣ ፕሮሴኮ የሚለው ስም ደግሞ ለአካባቢው ብቻ ቀረ። ተንኮሉ ገብቶሃል? የፍሬ ስም ማንም አገር ይተክለዋል፤ የቦታ ስም ግን ባለቤት አለው። ወይኑ ቢያንስ 85 በመቶ ግሌራ መሆን አለበት።

ዋጋው ከመሬቱ ነው። ተራው «ፕሮሴኮ ዶክ» (DOC፣ ወይኑ የመጣበትን ቦታ የሚመሰክር የሕግ ምልክት) የሚባለው ከቬኔቶና ከፍሪዩሊ ዘጠኝ አውራጃዎች ይሰበሰባል፤ አብዛኛው ሜዳ ነው፣ በዓመት ከ600 ሚሊዮን ጠርሙስ በላይ ይወጣል። ከሱ በላይ «ዶክ» በሚለው መጨረሻ ላይ «ጂ» (DOCG) የተጨመረበት አለ። ያ ከኮረብታው ነው፤ ከኮኔሊያኖ እስከ ቫልዶቢያዴኔ ያሉ 15 ወረዳዎች፣ ወይም ጎረቤታቸው አዞሎ። ጠርሙሱ ላይ «ሪቨ» የሚል ካየህ ከአንድ መንደር ቁልቁለት በእጅ የተለቀመ ነው። ጫፉ ላይ ካርቲዜ አለች፤ 107 ሄክታር ገደማ፣ ከመቶ በላይ ገበሬዎች የሚካፈሏት ጉብታ።

ቁጥሩ ራሱ ይናገራል። ሕጉ ከአንድ ሄክታር ሜዳ 180 ኩንታል ፍሬ ይፈቅዳል፣ ከኮረብታው 135፣ ከሪቨ 130፣ ከካርቲዜ 120። ዛፉ ብዙ ሲሸከም ጣዕሙ ይሳሳል። በኔ ቤት ለገንዘብህ የሚበጅህ መሃለኛው ነው፤ የኮረብታውን ውሰድ፣ ካርቲዜን ሌላ ሰው ሲጋብዝህ ጠጣ።

ጥያቄ (ከቴል አቪቭ)፦ ጣፋጭ አልወድም። «ኤክስትራ ድራይ» የሚል አይቼ ገዛሁ፣ ጣፋጭ ሆኖ አገኘሁት። ተታለልኩ?

መልስ፦ አልተታለልሽም፣ ስሙ ነው አታላዩ። «ድራይ» ደረቅ፣ ጣፋጭ ያልሆነ ማለት ቢሆንም እዚህ ላይ ነገሩ ተገልብጧል። በአንድ ሊትር «ብሩት» እስከ 12 ግራም ስኳር ይይዛል፣ «ኤክስትራ ድራይ» ከ12 እስከ 17፣ «ድራይ» ደግሞ እስከ 32። አንቺ «ብሩት» ወይም «ኤክስትራ ብሩት» የሚለውን ፈልጊ። የአገሩ ሰው ራሱ ሲያድግ የለመደው ኤክስትራ ድራይ ነው፤ ከጠዋቱ አምስት ሰዓት ቡና ቤት ቆሞ አንድ ብርጭቆ የሚጨልጥ አናጢ ብሩት ሲያዝ ብዙም አላየሁም።

ጥያቄ (ከፍራንክፈርት)፦ ሠርግ ላይ ጠርሙሱን አንቀጥቅጦ ቡሹን መተኮስ ያምራል፤ ጉዳት አለው?

መልስ፦ ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ግፊት ከመኪና ጎማ እጥፍ ገደማ ነው። ዓይን ላይ የሚያርፍ ቡሽ ቀልድ አይደለም። ደግሞ ገንዘብህን ምንጣፍ እያጠጣህ ነው። መጀመሪያ በደንብ አቀዝቅዘው፣ ከ6 እስከ 8 ዲግሪ፤ በረዶና ውሃ ባልዲ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ይበቃዋል። ሽቦውን ስትፈታ አውራ ጣትህ ከቡሹ ላይ አይነሳ። ቡሹን አጥብቀህ ያዝና የምታዞረው ጠርሙሱን ይሁን። «እስስ» ብሎ መተንፈስ አለበት፤ «ጧ» ካለ አስተናጋጁ ተቸኩሏል ማለት ነው። ሲቀዳም ብርጭቆውን ዘንበል አድርገው። ብርጭቆ ካነሳን ዘንድ፣ ያ ቀጭን ረጅሙ ሽታውን ያፍነዋል፤ ሆዱ ትንሽ ሰፋ፣ አፉ ጠበብ ያለውን እመርጣለሁ።

ጥያቄ (ከሚላኖ)፦ አንድ ገበሬ የሰጠኝ ጠርሙስ ታቹ ደፍርሷል፣ ቡሽ ሳይሆን ቆርኪ ነው ያለው። ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ ዕድለኛ ነሽ! «ኮል ፎንዶ» ይባላል፣ ከነአተላው እንደማለት። ሁለተኛው መፍላት እዚያው ጠርሙሱ ውስጥ ተካሂዶ እርሾው ሳይጣራ ታች ይቀራል። ከብረት ጋኑ በፊት የነበረው ያገሩ አሠራር እሱ ነው። ጠጅ ከነአምቡላው የሚወድ ዘመድ ካለሽ ለሱ ቅጂለት። ጥርት ብሎ የሚፈልግ ሰው ጠርሙሱን ቀጥ አድርጎ አቁሞ ቀስ ብሎ ይቀዳል፣ የመጨረሻዋን ጣት ታህል ይተዋል። እኔ ግን የመጨረሻዋን ነው የምሻማው።

ጥያቄ (ከለንደን)፦ ለቀማው እንዴት ነው? ሥራ ፈልጎ የሚመጣ ሰው ይቋቋመዋል?

መልስ፦ ወገብህን ጠይቀው። ሜዳው ላይ መኪና ገብቶ ያጭዳል። ኮረብታው ላይ ግን ቁልቁለቱ ትራክተር አያቆምም። በዓመት ለአንድ ሄክታር ከ600 ሰዓት በላይ የሰው ጉልበት ይፈልጋል፤ ሜዳው 150 ገደማ ቢበቃው ነው። የመጀመሪያ ቀኔን አልረሳም። አንድ እግሬ ከላይ፣ አንዱ ከታች፣ ሳጥኑ በጉልበቴ ተደግፎ፣ መቀሱ በቀኝ እጄ። ረፋዱ ላይ ጣቶቼ በጭማቂው ተጣብቀው አልላቀቅ አሉ፤ ተርቡ ደግሞ ያንን ሽታ ፍለጋ እጄ ላይ ይሰፍራል። ከጎኔ የነበሩት የ70 ዓመት ባልቴት ሦስት ሳጥን ሲሞሉ እኔ አንዱን አልጨረስኩም። «ዘለላውን አትጨብጠው፣ መዳፍህ ላይ ይረፍ» አሉኝና መቀሱን ወስደው አሳዩኝ።

ሥራው ሦስት ሳምንት ቢሆን ነው። ውል ሳይፈረም እንዳትጀምር። እኔን በሁለተኛው ዓመት ያሠራኝ ሰው የአሥር ቀን ደሞዜን እስካሁን አልከፈለኝም።

ጥያቄ (ከዙሪክ)፦ ከኛ ምግብ ጋር የሚሄደው የቱ ነው?

መልስ፦ ሳምቡሳ በብሩት! አንዴ ሞክራችሁ ተመለሱ። አረፋው የጥብሱን ዘይት ከአፍ ይጠርጋል። ክትፎም ቅቤ ስላለው ብሩት ይስማማዋል። በርበሬ የበዛበት ሽሮና ቀይ ምስር ላይ ግን ትንሽ ጣፋጭ ያለው ኤክስትራ ድራይ ይሻላል፤ ደረቅ ወይን በርበሬውን ያፋፍመዋል። አልኮሉም 11 በመቶ ገደማ ስለሆነ አያቃጥልም። ለዶሮ ወጥ ፕሮሴኮ አቅም ያንሰዋል፣ እሱን ተዉትና ከኤሚሊያ የሚመጣውን ላምብሩስኮ ክፈቱ፤ ቀይ ነው፣ አረፋ አለው፣ ቀዝቅዞ ይጠጣል። ጉደርን በኮካ ለለመደ ሰው እንግዳ አይሆንበትም።

ጥያቄ፦ ስፕሪትዝ እና ቤሊኒ የሚባሉት ድብልቅ መጠጦች ውስጥ የሚገባው ጥሩው ነው ተራው?

መልስ፦ ተራው። የኮረብታውን ወይን አፔሮል የሚባለው ብርቱካናማ መራራ መጠጥ ውስጥ መድፋት ኃጢአት ነው። ስፕሪትዝ ሦስት እጅ ፕሮሴኮ፣ ሁለት እጅ አፔሮል፣ ጠብታ ጋዝ ያለው ውሃ፤ አምቦም ይሆናል። ቤሊኒ የተወለደው ቬኒስ፣ ሃሪስ ባር ነው፤ ነጭ ኮክ ተፈጭቶ ፕሮሴኮ ይፈስበታል።

ጥያቄ (ከስቶክሆልም)፦ ኮረብታው በመድኃኒት ተመርዟል የሚል አንብቤ ፈራሁ።

መልስ፦ እንዲሁ የተፈጠረ ወሬ አይደለም። ነዋሪው ራሱ ሰልፍ ወጥቶበታል፤ ልጆች በሚማሩበት አጥር ሥር ሲረጭ ዝም የሚል ወላጅ የለም። ግላይፎሴት የሚባለው የአረም ማጥፊያ በኮረብታዎቹ ክልል ታግዷል፤ ሌላው ርጭት ግን አልቆመም፣ ዝናባማ አገር ነውና ሻጋታ ያስቸግራል። የሚያሳስብሽ ከሆነ የአውሮፓ የኦርጋኒክ ምልክት፣ ከኮከብ የተሠራችው አረንጓዴ ቅጠል ያለችበትን ግዢ።

ጥያቄ (ከዱባይ)፦ ባለቤቴ ይጠጣል፣ እኔ አልጠጣም። ቬኒስ ስንመጣ ሁለት ቀን ይተርፈናል። ለኔ የሚሆን ነገር አለ ወይስ ጓዳ ለጓዳ መዞር ነው?

መልስ፦ እንዲያውም ዋናው ለዓይን ነው። ከቬኒስ ኮኔሊያኖ በባቡር አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ከዚያ ወዲያ ቫልዶቢያዴኔ ባቡር አይደርስም፣ መኪና ተከራዩ፤ የማትጠጪው አንቺ ስለሆንሽ ሹፌሯም አንቺ ነሽ። በ1966 የተከፈተው የወይን መንገድ ሁለቱን ከተሞች ያገናኛል። ኮረብታዎቹ ጎን ለጎን እንደተኙ ከብቶች ናቸው፣ ጀርባቸው ሹል፣ ጎናቸው ቁልቁል። እርከኑ ኮንሶ እንዳለው የድንጋይ ካብ አይደለም፣ አፈሩን የያዘው ሳር ነው። በ2019 ዩኔስኮ የመዘገበውም ለዚህ ነው።

ሬፍሮንቶሎ ላይ ከፏፏቴ ሥር የተሠራ የውሃ ወፍጮ አለ፣ እዚያ ቁሙ። ካርቲዜ ጉብታ ላይ ደግሞ ባለቤት የማይቆምበት ቤት አለ፤ ስሙም «አስተናጋጅ አልባ ጠጅ ቤት» ማለት ነው። ሶፕሬሳ ቋሊማውን፣ አይቡን፣ ዳቦውን ራሳችሁ ታነሳላችሁ፣ ትከፍላላችሁ፣ ከወይኑ ማሳ መሃል ተቀምጣችሁ ትበላላችሁ። ቁልቁል ስታዪ ፒያቬ ወንዝ ነጭ ጠጠሩን ዘርግቶ ይታያል። በ1917 እና 1918 የአንደኛው የዓለም ጦርነት ግንባር በዚያ ወንዝ ግራና ቀኝ ነበር፤ ቫልዶቢያዴኔ ፈርሳ እንደገና የተሠራች ከተማ ናት።

አንድ ነገር እንዳያመልጣችሁ፤ ሳን ፒየትሮ ዲ ፌሌቶ ያለችው ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን። ከውጭ፣ በረንዳው ሥር ግድግዳው ላይ ክርስቶስ ተሥሏል፤ ዙሪያውን ግን መላእክት የሉም። ያሉት መዶሻ፣ ማጭድ፣ መቀስ፣ የሸማኔ ዕቃ ናቸው፤ እያንዳንዱ ገላውን ይወጋል። «የእሁዱ ክርስቶስ» ይሉታል፤ በሰንበት የሠራ ሰው የሚያቆስለው እሱን ነው ለማለት። እናቴን ይዣት ሄጄ መልእክቱን ማስረዳት አላስፈለገኝም፣ ከሩቅ አይታ አማተበች። ለመቃሚያ ይዘነው የወጣነውን ቆሎ ግን እዚያው በረንዳ ላይ ተቀምጣ ጨረሰችው።