መልእክት ቶሎ መመለስ ሥራ አይደለም

ውድ ልጆቼ፣

ከሠላሳ ዓመት በላይ የሰው ሂሳብ ስመረምርና ስዘጋ ኖሬያለሁ። ሥራ ስጀምር መዝገቡ ወረቀት ነበር። ማታ ተዘግቶ መሳቢያ ሲገባ እኛም ወደየቤታችን እንበተናለን። የእናንተ መዝገብ ግን ኪሳችሁ ውስጥ አብሯችሁ ይሄዳል፤ ትራስጌያችሁ ሥር ያድራል። ያ ዘመን ይሻል ነበር ማለቴ አይደለም። እኛ ሳምንት እንፈጅበት የነበረውን ድምር ኮምፒውተር በቅጽበት ሲጨርሰው ማየት ዛሬም ያስደስተኛል። የሚያሳስበኝ ከመሳቢያው ጋር አብሮ የጠፋው የሥራ ማብቂያ ነው።

በእናንተ ዕድሜ ሳለሁ በአንድ የዓመት መዝጊያ ላይ፣ ድምራቸው እኩል መሆን ያለበት የመዝገቡ ሁለት ወገን አልመጣጠን አለኝ። ልዩነቱ 5,400 ነበር። ሳላገኘው አልነሳም ብዬ እስከ እኩለ ሌሊት ተቀመጥኩ። ገጹን ሁሉ ሦስት ጊዜ ገለበጥኩ፤ በሦስተኛው ዙር ትክክል የነበረ ቁጥር ሰርዤ የተሳሳተ ጻፍኩበት። ዓይኔ ያያል፣ እጄም ይሠራል፤ የሚያስበው ግን ደክሞት ተኝቷል። በማግስቱ ጠዋት ወንበሬ ላይ ገና ከመቀመጤ 5,400 ያለ ቀሪ ለ9 እንደሚካፈል ታየኝ። በሙያችን ጀማሪ እንኳ የሚያውቀው ነገር ነው፦ የሁለት አሃዞች ቦታ ሲቀያየር የሚፈጠረው ልዩነት ምንጊዜም ለ9 ይካፈላል። 8,200 መሆን የነበረበት 2,800 ተብሎ ተጽፎ ኖሯል። ፈልጌ ለማግኘት አሥር ደቂቃ አልፈጀብኝም። ሌሊቱን ያባከንኩት እውቀት አንሶኝ ሳይሆን፣ የማውቀውን የማስታውስበት አቅም አልቆብኝ ነው።

ያን ሌሊት ለዓመታት እንደ ጀግንነት ሳወራው ኖሬያለሁ። እናንተም ስታመሹ እንደምትኮሩበት አያለሁና እውነቱን ልንገራችሁ፤ ጉዳቱ በሂሳቡ ላይ ብቻ አይቀርም። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጡት ጥናት፣ ረጅም ሰዓት ከመሥራት ጋር በተያያዘ በስትሮክና በልብ ሕመም በ2016 ብቻ 745,000 ሰዎች እንደሞቱ ገምተዋል። ረጅም ያሉት በሳምንት 55 ሰዓትና ከዚያ በላይ ነው። ከ35 እስከ 40 ሰዓት ከሚሠራው ሰው ጋር ሲነጻጸር በስትሮክ የመያዝ ዕድሉ በ35 በመቶ ይበልጣል። እስኪ የራሳችሁን ሳምንት ደምሩት። ስትደምሩ አልጋ ላይ ሆናችሁ የመለሳችኋቸውን መልእክቶች እንዳትዘሉ።

ይኸው የጤና ድርጅት በ2019 ከሥራ የሚመጣን መዛል በበሽታዎች ዝርዝሩ ውስጥ ሲያብራራ፣ በሽታ አላለውም፤ በአግባቡ ካልተያዘና ከሰነበተ የሥራ ጭንቀት የሚመጣ ክስተት ነው ያለው። ምልክቶቹ ሦስት ናቸው፦ ጉልበት ማለቅ፣ ልብ ከሥራው መሸሽ፣ የሚሠሩት ፍሬ ማጣት። እኔ ከሁሉ የምፈራላችሁ ሁለተኛውን ነው። ድካምን እንቅልፍ ይመልሰዋል። ትወዱት የነበረውን ሙያ መጥላት ስትጀምሩ ግን ራሳችሁን ሰነፍ ብላችሁ አትሳደቡ። መነሻው የሥራው አያያዝ ሊሆን ይችላልና መጀመሪያ እሱን መርምሩ።

ዛሬ ሥራን የሚበላው ትልቁ ነገር፣ በእኔ ዓይን፣ መልእክት ነው። ሲመጣ ወዲያው መመለስ ትጋት ይመስላል። ሶፊ ሌሮይ የተባሉ ተመራማሪ በ2009 ባሳተሙት ጥናት እንዳሳዩት፣ ሰው አንድን ሥራ ሳይጨርስ ወደ ሌላ ሲሻገር ሐሳቡ ከፊሉ እፊተኛው ላይ ይቀራል፤ አዲሱንም በሙሉ ልቡ አይሠራውም። አባቶች «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ያሉት ያለ ነገር አይደለም። ስለዚህ ከቀኑ ውስጥ አእምሯችሁ የሚነቃበትን ሁለት ሰዓት ለይታችሁ ለዋናው ሥራ ብቻ ስጡት። ስልኩን ድምፁን መቀነስ አይበቃም፤ ከዓይናችሁ ይራቅ። መልእክቱን ከዚያ በኋላ በአንድነት መልሱት።

አሁን ደግሞ ሰው ሠራሽ አስተውሎት መጥቶ ረቂቁን ያዘጋጅላችኋል፣ ሰንጠረዡን ይሞላላችኋል። ተጠቀሙበት። ያተረፈላችሁን ጊዜ ግን ሁሉንም በሌላ ሥራ አትሙሉት። ያመጣውን የሚመረምረው የእናንተ ዓይን ነው፤ የደከመ ዓይን ደግሞ 2,800ን አይቶ እንደሚያልፍ ነግሬያችኋለሁ።

«አለቃዬ ምን ይለኛል?» እንደምትሉ አውቃለሁ። ፍርሃቱ እውነተኛ ነው፤ በተለይ ለአዲስ ሠራተኛ። ነገር ግን የሥራ ሰዓት ማብቂያ መጠየቅ ልመና አይደለም። የዓለም ሥራ ድርጅት በ1919 ሲቋቋም የመጀመሪያ ስምምነቱ በኢንዱስትሪ የሥራውን ቀን በ8፣ ሳምንቱን በ48 ሰዓት የሚገድብ ነበር። ፈረንሳይም ከ2017 መጀመሪያ ጀምሮ 50ና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያላቸው ድርጅቶች፣ ሠራተኛው ከሥራ ሰዓት ውጭ ከመልእክት ስለሚርቅበት መብት እንዲደራደሩ በሕግ አስገድዳለች። በአገራችሁ እንዲህ ያለ ሕግ ባይኖርም እንኳ መነጋገር ይቻላል።

አጠገቤ የምትሠራ አንዲት ወጣት ባልደረባዬ ይህን ለመጠየቅ ወር ሙሉ ስታመነታ ቆየች። በመጨረሻ ለአለቃዋ ያቀረበችው አንድ ወረቀት ነበር፦ ጠዋት ከሦስት እስከ አምስት ሰዓት መልእክት እንደማትከፍት፣ በአምስት ሰዓት ሁሉንም እንደምትመልስ፣ አስቸኳይ ነገር ካለ ግን እንዲደወልላት። አለቃዋ ለአንድ ወር እንሞክረው አለ። ወሩ ካለፈ ቆይቷል። እስካሁን በዚያ ሰዓት የተደወለላት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው።