ከኮርሱ በፊት ሶፋ ቤት ግቢ

እህቴ፣ በፋሽን ዲዛይን ተመርቀሽ ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ስፌት ላይ እንደምትሠሪ፣ ልብሽ ግን እንደ ጣሊያን ፋሽን ቤቶቹ ቬርሳቼና አርማኒ ፋሽንን ወደ ሆቴል እንግዳ መቀበያ በሚያመጣ የቤት ዕቃ ላይ እንደሆነ ጽፈሽልኛል። ጂዳ ሰው ቤት የምትሠራው እህትሽ አዲስ አበባ የኢንቴሪየር ዲዛይን ኮርስ እንድትማሪ ገንዘብ ልትልክ ነው፤ አባትሽ ደግሞ «የመንግሥት ሥራ ፈልጊ» ይሉሻል።

የእህትሽን ገንዘብ አትንኪው። ቤተሰቡ በዚህ ምክር ቅር ሊለው ይችላል፤ ይበለው። በዚያ ድካም የተገኘ ብር በኮምፒውተር ሶፋ መሣል ለመልመድ አይዋልም። በሥዕል የሚያምር ሶፋ ሞልቷል፤ ብርቁ ዓመት ሳይሞላው የማይላላው ነው።

የምታደንቂያቸው ቬርሳቼ በ1992፣ አርማኒ በ2000 እ.ኤ.አ. የቤት ዕቃ ውስጥ ሲገቡ፣ ጨርቅ ማወቅ የቆየ ሙያቸው ነበር። የእንግዳ መቀበያ ሶፋ ኑሮው ከቀሚስ ይከፋል፤ ቀኑን ሙሉ ይቀመጡበታል፣ ሻንጣ ይታከከዋል፣ ቡና ይደፋበታል። ለዚህ ነው ጨርቁ ማርቲንዴል በሚባል ማሽን እየተፈተገ የሚፈተነው፤ ለሆቴል ብዙውን ጊዜ ቢያንስ 30,000 ዙር እንዲችል ይፈለጋል። ከፋይ ስትቆርጪ የጸጉሩን አቅጣጫ ካሳትሽ፣ ከአንድ ጣቃ የወጡት መቀመጫና መደገፊያ ሁለት ቀለም ይመስላሉ። ቆዳ ደግሞ በእንስሳው ሆድ በኩል ይለጠጣል፤ የሶፋው መቀመጫ ከእንስሳው ጀርባ በኩል ካለው ይቆረጣል። የስፌቱን ነገር ታውቂዋለሽ፤ ስፖንጁን፣ እንጨቱንና ውጠራውን የሚያሳይሽ ግን ሶፋ ሠሪ ነው።

የፓርኩን ሥራ አትልቀቂ። በእረፍት ቀንሽ ደሴ ወጣ ብለሽ ሶፋ የሚያለብስ ባለሙያ ጋ ተጠጊ። ባይከፍልሽም እሺ በዪ፣ መቀስ ግን ያስይዝሽ። (ስፌት ክፍል ያደገ ሰው ምክር ነው ብትዪኝ አልቀየምም።) ከዚያ ያረጀ የሆቴል ወንበር ለምነሽ አልብሺ፤ ፎቶውን በፊትና በኋላ አንሺ፣ የጨርቁን ቁራጭና ወጪውን አብረሽ ያዢ። ለሆቴል ባለቤት የምታሳዪው ይኸው ነው።

አባትሽ የጀማሪ የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ ከቤት ኪራይ በኋላ ምን እንደሚተርፈው እስቲ ራሳቸው ያስሉት። ሥዕል አልችልም ያልሽው አያስጨንቅሽ፤ ፓተርን፣ ማለት ጨርቁ የሚቆረጥበትን ልክ፣ ካወጣሽ ይበቃል።

ኮርሱን ከዓመት በኋላ በራስሽ ብር ውሰጂው፤ ያኔ አስተማሪውን ምን እንደምትጠይቂው ታውቂያለሽ።