አስማት እያለ ተዋጊ ለምን ይመረጣል?
ተጫዋቾች የመረጡትን ገጸ ባሕርይ ሆነው በዳይስ ስለሚጫወቱት የጠረጴዛ ጨዋታ ስለ ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ፣ «አስማተኛው ያን ሁሉ ጥበብ ይዞ ሳለ ሰይፍ ብቻ የታጠቀውን ተዋጊ መጫወት ምን ደስታ አለው?» ብለህ ጠይቀሃል። ለእኔ ደስታው ከፊት መቆሙ ነው። በ1974 እ.ኤ.አ. በታተመው የመጀመሪያው ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ ከነበሩት ሦስት የገጸ ባሕርይ ዓይነቶች አንዱ ተዋጊው ነበር፤ ዛሬም አለ። በ5ኛው እትም የተዋጊው የሕይወት ነጥብ (ከመውደቁ በፊት የሚችለው የጉዳት መጠን) በባለ 10 ገጽ ዳይስ ያድጋል፣ የአስማተኛው ግን በባለ 6። ትርጉሙ የሚገባህ ጠባብ በር ላይ ጋሻህን መክተህ ስትቆም ነው፦ ከኋላህ የቆሰለ ጓደኛህ አለ፣ ከፊትህ ጭራቁ፤ ትቶህ ወደ ጓደኛህ ሊሮጥ ከአጠገብህ በራቀባት ቅጽበት ትመታዋለህ! አስማተኛው ትልልቅ ድግምቶቹን ከጨረሰ እስኪያርፍ ይጠብቃል፤ ሰይፍ ግን አያልቅም። ለጀማሪ ከባድ ጥሩርና ጋሻ ያለውን ተዋጊ እመርጥልሃለሁ።